የአብዬ ሕዝበ ውሳኔ ለምን ቀረ? መራጩ ማነው?

የአብዬው፦
ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን ይገባኛል ስለሚባሉ ቦታዎች ስንከራከር ብዙዎቻችሁ «ሕዝቡ ይምረጥና ይገላገል» ስትሉ አየሁ። ቅን ሐሳብ ነው። ግን ያየሁትን ልንገራችሁ ብዬ ይህን ክር ከፈትኩ። እኔ በ2013 እና በ2014 (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ሆኜ፣ ሰማያዊ መለዮ አድርጌ አብዬ አገልግያለሁ።

ለማታውቋት፣ አብዬ በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መሃል ያለች ቦታ ናት። ስፋቷ ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሁለቱም አገሮች የእኔ ናት ይላሉ። ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩባት ንጎክ ዲንቃዎች ናቸው። በጋው ሲበረታ ደግሞ ከሰሜን፣ ከሙግላድ በኩል፣ ሚሴሪያ የሚባሉ አረብኛ ተናጋሪ ከብት አርቢዎች ውሃና ሣር ፍለጋ ይወርዳሉ። ወንዙን ዲንቃዎቹ ኪር ይሉታል፣ ሚሴሪያዎቹ ባሕር አል-ዓረብ። የወንዙን ስም ከጠራህ ወገን ለይተሃል ማለት ነው።

ለዚህች ቦታ ሕዝበ ውሳኔ ሁለት ጊዜ ቃል ተገብቷል። መጀመሪያ በ1972፣ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በጃንሆይ ሸምጋይነት በተፈረመው ስምምነት። በባህልም በመልክዓ ምድርም የደቡብ የሆኑ ሌሎች አካባቢዎች በሕዝበ ውሳኔ ይወስናሉ ይል ነበር። አልተደረገም። የሱዳን የሰሜንና የደቡብ ጦርነትም ተመልሶ መጣ። ሁለተኛው በ2005ቱ የሰላም ስምምነት ነው። ጥር 9 ቀን 2011 ደቡቦቹ ስለ ነፃነታቸው ሲመርጡ፣ አብዬ ደግሞ በዚያው ቀን ከሰሜን ጋር እቀጥላለሁ ወይስ ወደ ደቡብ እሄዳለሁ ብላ ለብቻዋ ትመርጣለች ተባለ። ደቡቦቹ መረጡ። ወደ 99 ከመቶ የሚጠጋው መገንጠልን አለ። የአብዬ ኮሮጆ ግን አልመጣም።

ያስቀረው አንድ ቃል ነው፤ «ነዋሪ» የሚለው። ሕጉ ንጎክ ዲንቃዎችና «በአካባቢው የሚኖሩ ሌሎች ሱዳናውያን» ይመርጣሉ ይላል። ሌሎቹ እነማን ናቸው? ካርቱም፣ በየዓመቱ የሚመጡት ሚሴሪያዎችም ነዋሪ ናቸው አለች። ጁባ በበኩሏ፣ ለሣር መጥተው የሚመለሱ ናቸው አለች። ይህን ለይቶ እንዲወስን የታሰበው ኮሚሽን ራሱ ሳይቋቋም ቀረ።

አንድ ቀን ከከተማዋ ወጣ ብለን ቅኝት ላይ ሳለን አንድ ሽማግሌ በእጃቸው ጠሩን። ጎጇቸው በ2011 ተቃጥላ የቆመው ግድግዳው ብቻ ነው። የጭቃው ግድግዳ በእሳት ተጠብሶ እንደ ሸክላ ቀልቷል። በአስተርጓሚ «ምርጫው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁን። እኛ ዝም። ከዚያ ወደ ጓሮ ወሰዱንና ሦስት መቃብር አሳዩን። የአያታቸው፣ የአባታቸው፣ የልጃቸው። የልጃቸው አፈሩ ገና አልጠነከረም ነበር። «ከእኔ በላይ ነዋሪ ማነው?» አሉ።

እኔ የምለው ይኼ ነው። ሕዝበ ውሳኔ የሚያልቀው የመራጮች መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ያለው ቆጠራ ብቻ ነው። ስለ መዝገቡ ሳይስማሙ ቀን ቆርጦ ለሕዝብ ቃል መግባት ሰውን ማስፈጀት ነው።

ማክዳ፦
ወንድሜ፣ አመሰግናለሁ። የሽማግሌው ነገር አንጀቴን በላው። ግን አንድ ያልገባኝ አለ። ስለ አብዬ ዘ ሄግ ላይ ፍርድ ተሰጥቷል ሲባል የሰማሁ ይመስለኛል። ፍርድ ካለ ምርጫ ምን ያደርጋል?

ዳንኤል ጠ፦
ማክዳ፣ ትክክል ሰምተሻል፤ ግን ዘ ሄግ የፈረደው ስለ ወሰኑ እንጂ የማን ናት በሚለው ላይ አይደለም። ነገሩ ከ1905 ይጀምራል። እንግሊዞቹ በዚያ ዓመት የንጎክ ዲንቃን ዘጠኝ የጎሳ አለቆች ከባሕር ኤል ጋዛል አንስተው ወደ ኮርዶፋን አስተዳደር አዛወሯቸው። ምክንያታቸው ከሰሜን በሚመጣ ዘረፋ ላይ ይቀርብ የነበረ አቤቱታ ነው። ዘራፊውም ተዘራፊውም በአንድ አስተዳዳሪ ሥር ይሁን ብለው ነው። ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ እንግዲህ አብዬ በወረቀት ሰሜን ውስጥ ተገኘች። የሰሜንና የደቡብ ድንበር የሚለካው ደግሞ በጥር 1 ቀን 1956 መስመር ነው። የንጎክ ሰዎች መከራ እዚህ ላይ ነው፤ ይጠብቃቸዋል የተባለው የቢሮ ውሳኔ ከመቶ ዓመት በኋላ ማስረጃ ሆኖ መጣባቸው።

በ2005 «በ1905 የተዛወረው መሬት የት ድረስ ነው?» የሚለውን የሚመልስ ኮሚሽን ተቋቋመ። ገለልተኛ ባለሙያዎቹ አምስት ነበሩ። አንዱ የእኛው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ካሳሁን ብርሃኑ ናቸው። ያወጡትን ካርታ ካርቱም አልቀበልም አለች። በ2008 ከተማዋ ተቃጠለች፣ ሕዝቡ ተሰደደ። ከዚያ ነው ሁለቱ ወገኖች ዘ ሄግ የሄዱት። ሐምሌ 22 ቀን 2009 ግልግል ዳኞቹ መሬቱን አጠበቡት። የሄግሊግ ነዳጅ ከአብዬ ውጭ ሆነ። የዲፍራው ነዳጅ ግን አብዬ ውስጥ ቀረ። ደግሞም ሚሴሪያዎች ከብታቸውን ይዘው የመግባት የቆየ መብታቸው በወሰኑ ምክንያት አይነካም ብለዋል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው አያነሳትም። ለእኔ ግን ከፍርዱ ሁሉ ትልቋ እሷ ናት።

ቦረና ልጅ፦
እስቲ እኔም ልናገር። የአብዬው፣ ሽማግሌውን አከብራለሁ። ግን ነዋሪ ማለት መቃብር ያለው ብቻ ከሆነ እኛ ከብት አርቢዎች የትም ነዋሪ አይደለንም ማለት ነው።

እኛ ቤት ከብቱ ለሁለት ይከፈላል። የሚታለቡት ላሞች ከእናቶቻችንና ከሕፃናት ጋር ሰፈር ይቀራሉ። ሌላውን ወጣቱ ይዞ ሩቅ ይሄዳል፤ ፎራ እንለዋለን። ፎራ ወር ሊሆን ይችላል፣ ግማሽ ዓመትም ሊሆን ይችላል። መዝጋቢ ሲመጣ ወጣቱ ፎራ ነው። ዕርዳታ ሲታደልም ፎራ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ መታወቂያ ለማውጣት ሄጄ «እዚህ አትኖርም ይባላል» ተብዬ ተመልሻለሁ። አባቴ የቆፈረው ኤላ ግን እዚያው ቀበሌ ነው። ከቢሮው ደጃፍ ሆነህ የከብቱ አቧራ ይታይሃል። ስለዚህ ሚሴሪያው «ሂድ፣ አንተ እንግዳ ነህ» ሲባል ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ።

አሁን ደግሞ ሌላውን ጎን ልበል፣ እውነት ስለሆነ። ድርቅ ሲጠና እኛም ወደ ኬንያ እንገባለን። እዚያ ሣርና ውሃ እንለምናለን፣ ተነጋግረን እንገባለን፣ ዝናብ ሲመጣ እንመለሳለን። መሬቱ የየትኛው መንግሥት ይሁን የሚለውን እኔ ልወስን ብዬ አላውቅም። የሣር መብት ሌላ ነው። የአገር መብት ሌላ ነው። አብዬ ላይ ሁለቱን አንድ ላይ ያሰራቸው ማነው?

የአብዬው፦
ወንድሜ ቦረና፣ ልብ ያልኩትን ነገር ነው የነካኸው። መጀመሪያ ላይ ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ፣ አሁን ልጨምረው።

በጋ ላይ ወንዙ ዳር አንድ የሚሴሪያ ጎረምሳ አገኘን። ዕድሜው ሃያ ቢሆን ነው። መሣሪያ አልያዘም፣ ዱላ ብቻ። ከመካከላችን አረብኛ የሚችል ነበር። ልጁ ሻይ አፈላልን። ጥቁር ሻይ ነው፣ ስኳሩ ብርጭቆውን ግማሽ ሊሞላው ምንም አይቀረው። እየጠጣን «አባቴ የተወለደው እዚህ ወንዝ ዳር ነው» አለን። አያቱ ነፍሰ ጡር ሆና ከብት ተከትላ ወርዳ፣ ምጥ እዚህ መጣባት። ዛፉን አሳየን። ከዚያ የተናገረው ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። «ይቺ መሬት ሌላ አገር ብትሆን ላሞቼ ፓስፖርት ከየት ያመጣሉ?» አለ።

የልጁ ፍርሃት እውነት ነው። በየዓመቱ የሚወርደው ካልወረደ ከብቱ ያልቃል። የ2005ቱ ስምምነት ክፍል በሆነው በ2004ቱ የአብዬ ፕሮቶኮል ላይ ሚሴሪያዎች የግጦሽ መብታቸው ይጠበቃል ተብሎ ተጽፏል። ከነዳጁ ገቢ እንኳ ለንጎክ 2 ከመቶ፣ ለሚሴሪያ 2 ከመቶ ተመድቦ ነበር። ግን ወረቀቱን ማን ያምናል? ንጎኮቹ ያ የ1972ቱ ወረቀት ሲቀር አይተዋል። ሚሴሪያዎቹም ድንበር አንዴ ከተዘጋ ማንም እንደማይከፍትላቸው ያስባሉ። ስለዚህ ሣሩን ለማዳን የአገር ድምፅ ጠየቁ። ካርቱም ደግሞ ይህን ፍርሃት ለራሷ ተጠቀመችበት። ይህን የምለው በቁጭት ነው።

የድሮ መምህርት፦
ልጆቼ፣ የምትሉትን ሁሉ አነበብኩ። መምረጥ ራሱ ሰው ላይ ምን እንደሚያመጣ እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ።

በሚያዝያ 1993 ኤርትራውያን ሲመርጡ አዲስ አበባ ያሉትም እዚሁ ነው የመረጡት። ጎረቤታችን ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ስትመለስ ቡና ተፈልቶ ጠበቅናት። «እንዴት ነበር?» አልናት። «ሰልፉ ረጅም ነው» አለች፣ በቃ። ሃያ ዓመት አብረን የኖርን ነን። ልጇን ክርስትና ያነሳሁት እኔ ነኝ። ማንም ቅር አላለውም፤ መንግሥትም ምርጫውን አውቆታል። ውጤቱ 99.8 ከመቶ ነበር፣ ታስታውሳላችሁ።

በ1998 ጦርነቱ ሲነሳ በሌሊት መጥተው ወሰዷት። መርጠሻል፣ ስለዚህ የውጭ ዜጋ ነሽ ተባለች። ስትወጣ ሲኒዎቹን በረከቦቱ እንዳሉ ለእኔ ትታቸው ሄደች። ልጇን መሰናበት እንኳ አልቻለችም፤ ልጁ ያን ሌሊት ሌላ ቤት ነበር ያደረው። ከዓመታት በኋላ ዘ ሄግ የነበረው የካሳ ኮሚሽን እንዲህ ዓይነቶቹ ሰዎች ሁለት ዜግነት ነበራቸው ብሎ ወሰነ። እሷ ያን ቀን ሰልፍ ስትይዝ ሌላ ዜግነት እየጨመረች መሆኗን የነገራት ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ልጄ የአብዬው፣ መዝገቡ ላይ ያልከው ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ የተመዘገበ ሰው ነገ በዚያ መዝገብ እንዳይፈለግ ዋስትና ይኑረው።

ወንዴ ቨርጂኒያ፦
እትዬ፣ እግዜር ይስጥልን። እኛም ሰፈር የሄዱ ነበሩ።

እኔ ስለ ውጭ ነዋሪው ልጠይቅ። እዚህ አብሮኝ የሚሠራ የአብዬ ልጅ ነበር። ደቡብ ሱዳኖች በ2011 አሜሪካም፣ ኬንያም፣ አዲስ አበባም ሆነው መርጠዋል። አዳሩን ነድተው ሄደው የመረጡ አውቃለሁ። ወረቀቱ ላይ አንድነት የተጨባበጡ ሁለት እጆች፣ መገንጠል አንድ የተነሳ እጅ ነበር። እሱ ግን «የእኛ ገና ነው» እያለ ጠበቀ። ሲጠብቅ ግንቦት ላይ የሱዳን ጦር አብዬን ያዘ። ቤተሰቡ ከመቶ ሺህ በላይ ከሚሆኑት ተፈናቃዮች ጋር ወደ ደቡብ ሸሸ። ሥራ ላይ ስልኩን ይዞ መጋዘኑ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል አይረሳኝም። የተፈናቀለ ሰው ነዋሪ ነው ወይስ አይደለም? ይህን ማን ይመልሳል? ሰውን አባርሮ ከዚያ «የለም፣ እዚህ አይኖርም» ማለት ይቻላል እኮ።

ዳንኤል ጠ፦
ወንዴ፣ ያነሳኸው ጥያቄ ምዕራብ ሰሃራን ሠላሳ ዓመት በላይ ያቆማት ነው። በ1991 ተኩስ ቆመ፣ የተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ ገባ፣ በ1992 መጀመሪያ ሕዝበ ውሳኔ ይደረጋል ተባለ። ነፃነት ወይስ ከሞሮኮ ጋር መሆን የሚል። መነሻው ያኔ ቅኝ ገዢዋ የነበረችው ስፔን በ1974 ያደረገችው ቆጠራ ነበር፤ ያኔ የተቆጠሩት 74,000 ያህል ናቸው። ፖሊሳሪዮ፣ ነፃነት የሚሻው የሰሃራውያን ንቅናቄ፣ መዝገቡ ይኸው ነው አለ። ሞሮኮ ደግሞ ከዚያ በፊት ወደ ሰሜን የሄዱ፣ ዘራቸው ከዚያ የሆነ ብዙ ሰዎች አሉኝ አለች። ዓመታት ሙሉ የጎሳ ሽማግሌዎች እየተቀመጡ አንድ በአንድ «ይህን ሰው ታውቀዋለህ? የማን ልጅ ነው?» እየተባሉ ተለየ። በ2000 መግቢያ ላይ ወደ 86,000 የሚጠጋ ስም ወጣ። ወዲያው ከ130,000 በላይ ይግባኝ ገባ። እዚያው ላይ ቆመ። የዚያን ጊዜ ሕፃን የነበረው ዛሬ አልጄሪያ፣ ቲንዱፍ የስደተኛ ካምፕ ውስጥ የልጅ አባት ነው።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በኅዳር 1984 አዲስ አበባ ሲሰበሰብ የሰሃራዊው ሪፐብሊክ ልዑካን ወንበራቸው ላይ ሲቀመጡ ሞሮኮ ድርጅቱን ትታ ወጣች። ወደ ተተኪው የአፍሪካ ኅብረት የተመለሰችውም በጥር 2017 እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ሁለቱም ዛሬ አንድ አዳራሽ ይቀመጣሉ። መዝገቡ ግን አሁንም እንደቆመ ነው።

ማክዳ፦
እሺ፣ እና መፍትሔው ምንድነው? ሰው መቼም አይምረጥ? እኔ ይህ ነገር ያሰጋኛል። «መራጩ አልታወቀም» እያለ ኃይለኛው ወገን ዘላለም ሊያዘገየው ይችላል። የያዘው ሰው መቼ ይቸኩላል?

የአብዬው፦
ማክዳ፣ ልክ ነሽ። በ2012 የቀድሞው የደቡብ አፍሪካ ፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ የሚመሩት የአፍሪካ ኅብረት ቡድን በጥቅምት 2013 ምርጫው ይደረግ፣ የሚመርጡትም ቋሚ ነዋሪዎች ይሁኑ ብሎ ሐሳብ አቀረበ። ካርቱም እምቢ አለች። ከዚያ የሆነውን እኔ እዚያው ሆኜ አይቻለሁ።

ግንቦት 4 ቀን 2013 የንጎክ ታላቁ አለቃ ኩዎል ዴንግ ኩዎል ከእኛ ጓዶች ጋር ሲጓዙ መንገድ ላይ ተገደሉ። አንድ ኢትዮጵያዊ ሰላም አስከባሪም አብሯቸው ወደቀ። ከዚያ በፊት፣ ጦራችን በገባ በሁለተኛው ወር፣ ነሐሴ 2011፣ አራት ወንድሞቻችን ማቦክ በሚባል ቦታ በፈንጂ አልቀዋል። ስለ አብዬ ሳወራ ድምፄ ከፍ ካለ ይቅርታ፣ ከዚህ ነው።

ጥቅምት ላይ ንጎኮቹ ትዕግሥታቸው አለቀ። ማንም ሳይፈቅድላቸው በራሳቸው ምርጫ ጠሩ። ከየቦታው ሰው በጭነት መኪና ተጭኖ መጣ። አልጋ፣ ድስት፣ ዶሮ ይዘው። የተቃጠለው መንደር በሦስት ሳምንት ሞላ። ዛፍ ሥር ሰልፍ ይዘው መረጡ። እኛ አልገባንበትም፣ ሩቅ ሆነን ነው ያየነው። 99.9 ከመቶው ወደ ደቡብ አለ። የአፍሪካ ኅብረትም፣ ካርቱምም፣ ጁባ እንኳ፣ አልተቀበሉትም። እኔ ድምፁ ውሸት ነው አልልም። እነዚያ ሰዎች በእውነት የፈለጉት ያንን ነው። ግን ሚሴሪያዎቹ በሌሉበት መዝገብ ላይ ስለቆመ አንድም ነገር አልለወጠም።

እኔ የሚታየኝ ቅደም ተከተሉን ማዞር ነው። መጀመሪያ የሣሩና የውሃው ነገር፣ መሬቱ የማንም ቢሆን የማይነካ ሆኖ፣ በሁለቱ ሕዝቦች ሽማግሌዎች ይታሰር። ያ ከሆነ ሚሴሪያው የአገር ድምፅ የሚፈልግበት ምክንያት ይቀንሳል። ቀጥሎ የተፈናቀለው ይመለስና ይመዝገብ፣ እትዬ ያሉት ዋስትናም ይኑር። ቀኑ ከሁሉ በኋላ ይቆረጥ። ለሚያዘገየው ወገን ደግሞ ውጭ ያለው ሸምጋይ የጊዜ ገደብ ያስቀምጥ፣ ከገደቡ ካለፈ መዝገቡን ራሱ ይዝጋ።

ቦረና ልጅ፦
ሽማግሌዎቹ ሊስማሙ ይችላሉ ብለህ ታምናለህ?

የአብዬው፦
አምናለሁ። የድሮዎቹ፣ የንጎኩ አለቃ ዴንግ ማጆክና የሚሴሪያው ባቦ ኒሚር፣ ወዳጆች ነበሩ። አሁንም ከእኔ በኋላ የሄደ ጓደኛዬ አሚየት የሚባል ገበያ ነግሮኛል። ከከተማዋ ወደ ሰሜን ነው። ከ2016 ጀምሮ ሁለቱም ወገን እዚያ ይገበያያሉ። ከሰሜን ስኳር፣ ሽንኩርት፣ ጨርቅ ይመጣል። የዲንቃ ሴቶች ዓሣ ይዘው ይቀመጣሉ። ጠብ ሲነሳ ዳኝነቱን የሁለቱ ወገን ሰዎች የተቀመጡበት የሰላም ኮሚቴ ያየዋል አለኝ። ማንም የማን አገር እንደሆነ አይጠይቅም፣ ዋጋ ነው የሚጠየቀው።

ችግሩ አልቀነሰም፣ አልዋሻችሁም። በ2022 ንጎኮቹ ከራሳቸው ወገን ከትዊች ዲንቃዎች ጋር አኔት በሚባል ቦታ መሬት ተጋጩ። የእኛ ጦር በዚያው ዓመት ወጥቶ ሌሎች አገሮች ተተኩ። በ2023 ካርቱም ራሷ ጦርነት ውስጥ ገባች፤ አሁን ስለ አብዬ ለመደራደር ብትፈልግ እንኳ ማን ይፈርማል?

ማክዳ፦
አንድ ነገር ብቻ። ያን ቀን ለሽማግሌው ምን መለሳችሁላቸው?

የአብዬው፦
ምንም። እንድንመልስ ትእዛዝ አልነበረንም። ውሃ ሰጠናቸው። ከጀሪካናችን ኮዳ ሞልተን። ግማሹን ጠጥተው የቀረውን ልጃቸው የተቀበረበት ራስጌ ላይ ወደተተከለች ትንሽ ችግኝ ወስደው አፈሰሱት።